ከጃንጥላ ጀርባ ቶሌዶ አትታይም

ማድሪድ ላይ አንድ ትርፍ ቀን ያገኘ ሰው ምን ያድርግ? ጉግልን ብትጠይቁት መልሱ ፈጣን ነው፤ “ቶሌዶ ሂዱ” ይላችኋል። እስከዚህ ድረስ እኔና ጉግል አንጣላም። የምንጣላው ቀጥሎ በሚያመጣው ማስታወቂያ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ያነሳችኋል። ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ የያዘች አስጎብኚ ትከተላላችሁ። ለፎቶ አሥር ደቂቃ ይፈቀድላችኋል፤ ሰይፍና ቢላ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ግን ሃያ ደቂቃ ትቆያላችሁ (ለምን እንደሆነ ለመገመት የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም)። ከዚያ ወደ ማድሪድ። በመሀል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትሰማላችሁ፤ “ቶሌዶ የሦስቱ ባህሎች ከተማ ናት፤ ክርስቲያን፣ ሙስሊምና አይሁድ ተቻችለው የኖሩባት።” አለቀ። ጭብጨባ።

“ተቻችለው” የምትለዋን ቃል እኛ መቼም አናጣትም። በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ይነግረናል፤ የቱሪዝም ብሮሹሩ በእሷ ይጀምራል፣ በእሷ ይጨርሳል። ውሸት ናት እያልኩ አይደለም። ችግሯ ሌላ ነው። እንዴት ተቻቻሉ? ማን ማንን ቻለ? እስከ መቼ? በምን ምክንያት ቀረ? የሚሉትን ጥያቄዎች ሁሉ ገና ሳይጠየቁ ዝም ታሰኛቸዋለች። ቶሌዶ ላይም የምትሠራው ይህንኑ ነው።

ጋዜጠኝነት ተምሮ የወጣ ሰው ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት አንድ ነገር አይጠፋበትም፤ በአንድ ምንጭ ዜና አይሠራም። የቡድን ጉብኝት ደግሞ አንድ ምንጭ ነው፤ ጃንጥላ የያዘ አንድ ምንጭ። ስለዚህ የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። ቶሌዶን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ቀኑን ግን ራሳችሁ አቅዱት። ርካሽ ስለሚሆን አይደለም (ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ እሱ ምርቃት ነው)። የትኛውን ሕንፃ ከየትኛው ቀጥላችሁ እንደምታዩ የሚወስን ሰው፣ የምትሰሙትንም ታሪክ ስለሚወስን ነው።

“ቆይ፣ መጀመሪያ ቪዛው የት አለ?”

የአዲስ አበባው አንባቢዬ እዚህ ጋ ሳይስቅ አይቀርም። አልፈርድበትም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የሸንገን ቪዛ መደበኛ የመልስ ጊዜን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አስረዝሞታል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ነገሩ ሠርግና ምላሽ አልነበረም። ቢሆንም ሰው ይሄዳል። ለትምህርት የሄደ አለ፤ ለስብሰባ የሄደ አለ፤ ሮም ወይም ፍራንክፈርት ያደገች የአክስት ልጅ አለችን፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ማድሪድ ያርፋል።

እንዲያውም ክርክሬን የሚያጠነክርልኝ ይሄ ነው። በዚያ ሁሉ ሰነድና ወረፋ የተገኘችን አንዲት ቀን አንስቶ ለሌላ ሰው የእጅ ሰዓት ማስረከብ ምን የሚሉት ቸርነት ነው?

ቀኑን መምረጥ

ዕቅዱ የሚጀምረው ከካላንደር ነው። ሰኞ አይሁን። ኤል ትራንሲቶ የተባለው ጥንታዊ ምኩራብ፣ ማለትም የሰፋርዲ ሙዚየም፣ ሰኞ ዝግ ነው፤ የዚህ ጉዞ ልብ ደግሞ እሱ ነው። እሑድም ያስቸግራል። ካቴድራሉ እሑድ ጠዋት ለጸሎት እንጂ ለጎብኚ አይደለም፤ ለጎብኚ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው። ሙዚየሙ ደግሞ በተቃራኒው እሑድ ከሰዓት ይዘጋል። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት (በእነሱ 14፡00) በኋላ ሙዚየሙ በነፃ ያስገባል፤ ኪሳችሁ ከሳሳ ይህን ያዙ፤ የቅዳሜውን ሕዝብ ግን ቻሉት። ለእኔ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ይሻላል። የፈረንጆቹ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የካስቲያ ፀሐይ አትምርም፤ ዳገትና ድንጋይ ሲጨመርበት ታሪክ ማሰብ ቀርቶ ስማችሁንም ትረሳላችሁ።

የመክፈቻ ሰዓትና ዋጋ ይለዋወጣል፤ ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት እያንዳንዱን ቦታ ራሱ ከሚያስተዳድረው ገጽ ላይ አረጋግጡ። ከሦስት ዓመት በፊት የሄደ ሰው የጻፈውን አትመኑ። የእኔንም ቢሆን አትመኑ፤ አረጋግጡ።

በባቡር ሂዱ፣ በአውቶቡስ ተመለሱ

ቶሌዶ ከማድሪድ በስተደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ሞጆ እንደማለት። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከአቶቻ ጣቢያ የሚነሳው አቫንት የተባለ ፈጣን ባቡር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈም በጥቂት ደቂቃ ነው። ወንበሩ በቁጥር ስለሆነ የጠዋቱ ቶሎ ያልቃል፤ ቀድማችሁ ቁረጡ። ከመሳፈራችሁ በፊት የሻንጣ ፍተሻ ስላለ ባቡሩ ሊነሳ ሲል ሮጦ መግባት የለም። ሁለተኛው ከፕላሳ ኤሊፕቲካ የሚነሳው አውቶቡስ ነው፤ ማድሪድ ውስጥ ሜትሮው እዚያ ያደርሳችኋል። ቀጥታ የሚሄደው አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በየመንደሩ የሚቆመው ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። “ዲሬክቶ” የሚለውን ፈልጉ።

የእኔ ምርጫ በባቡር ሄዶ በአውቶቡስ መመለስ ነው። ጠዋት የሚያስፈልጋችሁ ፍጥነት ነው፤ ባቡሩ ይሰጣችኋል። ማታ የሚያስፈልጋችሁ ነፃነት ነው፤ አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ስለሚነሳ አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላው አለ። የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን ጠዋት እንደደረሳችሁ ጠይቁ። ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ የምትጠይቁት ነገር አይደለም።

የባቡር ጣቢያው ራሱ የመጀመሪያው ምንጫችሁ ነው። በ1919 የተከፈተ ሕንፃ ነው፤ የፈረስ ኮቴ የመሰሉ ቅስቶች፣ ባለቀለም መስታወት፣ የሸክላ ጌጥ። ስታዩት የሙስሊም ቤተ መንግሥት ሊመስላችሁ ይችላል። ስፔን እስልምናን ትተው የተጠመቁትን ሙስሊሞች ልጅና የልጅ ልጆች ሳይቀር ከ1609 ጀምራ ከአገር አባራለች። ከ300 ዓመት በኋላ ደግሞ እንግዳ መቀበያዋን በእነሱ ጥበብ አስጌጠች። ገና ከባቡር እንደወረዳችሁ አንድ ጥያቄ በእጃችሁ ገባ ማለት ነው፤ ሰዎቹን አባርሮ ጥበባቸውን ማስቀረት ምን ይባላል? የአውቶቡሱ ቱር ይህን ጣቢያ አያሳያችሁም፤ በዚህ በኩል አያልፍማ።

ጠዋት፦ በዓመታቱ ቅደም ተከተል

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ብዙው ጎብኚ በቀጥታ ወደ ካቴድራሉ ይሄዳል። እናንተ ግን ከተማዋን እንደ ዕድሜዋ፣ ከጥንቱ ወደ ቅርቡ አንብቧት። ደግነቱ መንገዱም ይተባበራል፤ ከሰሜን ገብታችሁ በምዕራብ ትወጣላችሁ።

ከጣቢያው ተነስታችሁ በአሳርኪየል ድልድይ የታሆን ወንዝ ተሻገሩ። ድልድዩ ዘመናዊ ነው፤ ስሙ ግን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ቶሌዶ ውስጥ ይሠራ የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ የአል-ዘርቃሊ ነው። ከዚያ በቢሳግራ በር በኩል ሽቅብ። ዳገቱን ያልወደደ ሰው ከተማዋ ተንቀሳቃሽ ደረጃ (ኤስካሌተር) ሠርታለታለች፤ ማፈር አያስፈልግም።

የመጀመሪያ ማረፊያችሁ ክሪስቶ ዴ ላ ሉስ ነው፤ “የብርሃኑ ክርስቶስ” ማለት። ስሙ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሕንፃው መስጊድ ነው። በ999 ነው የተሠራው፤ ይህንንም ፊቱ ላይ በሸክላ የተቀረጸው ዓረብኛ ጽሑፍ ከነሠሪው ስም፣ ሙሳ ኢብን ዓሊ ብሎ ይመሰክራል። በጣም ትንሽ ነው፤ ጎኑ ስምንት ሜትር ገደማ። ጣሪያው ግን ዘጠኝ ትንንሽ ጉልላት አለው፤ አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም። በ1085 የካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ ቶሌዶን ያዘ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን መስጊዱ ላይ መቅደስ ተቀጠለለትና ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሳይፈርስ ስለቀረ ዛሬ እናየዋለን። ሳይነጠቅ ስለቀረ ግን አይደለም። ሁለቱንም አብራችሁ ያዙ፤ ቀኑን ሙሉ ያስፈልጓችኋል።

ቀጥሎ ሶኮዶቨር አደባባይ። ስሙ ከዓረብኛው “ሱቅ” የመጣ ነው፤ እኛም ይህችው ቃል አለችን፤ እዚያ ግን ሙሉ ትርጉሙ የጋማ ከብት ገበያ ነው። ያው ገበያ በኋላ የኢንኩዊዚሽን ፍርድ በአደባባይ የተነበበበት ሆነ። ቡናችሁን እዚህ ጠጡ። አደባባዩን ካያችሁት በኋላ ቶሎ ተነሱ፤ ቀኑ አጭር ነው።

ከዚያ ካቴድራሉ። ግንባታው በ1226 ተጀምሮ በ1493 ተጠናቀቀ የሚባለው ይህ ግዙፍ ሕንፃ የቆመው በዋናው መስጊድ ቦታ ላይ ነው። መሠዊያው አካባቢ አንድ ምስል ፈልጉ፤ የሙስሊም የሕግ ሊቅ ምስል፣ ካቴድራል ውስጥ! አቡ ወሊድ ይሉታል። ታሪኩ እንዲህ ይተረካል። ከተማዋ እጅ ስትሰጥ ንጉሡ ዋናው መስጊድ በሙስሊሞቹ እጅ እንዲቆይ ቃል ገብቶ ነበር። ንጉሡ ከከተማ ሲወጣ ንግሥቲቱና ሊቀ ጳጳሱ በሌሊት ሰው ልከው መስጊዱን ያዙት። ንጉሡ ቃሌ ተሻረ ብሎ በቁጣ ሊቀጣቸው ሲመለስ፣ “ይቅር በላቸው” ብሎ የለመነው ያ ሙስሊም ሊቅ ነው። ለውለታው ምስል ቆመለት።

ጃንጥላዋ ይህን የመቻቻል ተረት አድርጋ ትነግራችኋለች። ያምራል፤ አልክድም። ራሳችሁ ቆማችሁ ስታስቡት ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ቃል የተሻረበት ሰው፣ ቃሉን የሻሩት እንዳይቀጡ ለምን ለመነ? ነገ በሕዝቡ ላይ የሚመጣውን በቀል ፈርቶ ቢሆንስ? ይቅርታውን የጠየቁት ያጠፉት ሳይሆኑ የተበደሉት ከሆኑ፣ ይህ መቻቻል ነው ወይስ አቅም ማጣት? ለዚህ ጥያቄ አሥር ደቂቃ ስጡት። የቡድን ጉብኝት የማይሰጣችሁ እሷን አሥር ደቂቃ ነው።

መፈክሩ እውነት የሆነበት ቦታ

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን፣ መፈክሩ እውነት የሆነበትንም ልንገራችሁ። ይህንን የሚያሳይ አንድ ሕንፃ የለም፤ እያሰባችሁ የምትሄዱት ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከጣልያን ክሬሞና የተነሳ ጄራርድ የተባለ ሰው የጥንቱን የበጥሊሞስን የሥነ ፈለክ መጽሐፍ፣ አልማጀስትን፣ ፍለጋ ቶሌዶ መጣ። መጽሐፉ በዓረብኛ ነበር። ቋንቋውን እዚያው ተማረ፣ ተረጎመው፤ የኢብን ሲናን የሕክምና ቀኖናም ጨመረበት። በ1187 እስኪሞት ድረስ ትርጉም አላቆመም። ሌሎቹ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው ይሠሩ ነበር። ዓረብኛ የሚያውቀው አይሁዳዊ ወይም ሌላ ሰው እያነበበ በአገሬው ቋንቋ በቃል ይናገራል፤ ክርስቲያኑ ካህን እየሰማ በላቲን ይጽፋል። የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለዘመናት ያነበቡት መጽሐፍ እንዲህ በሁለት ሰው አፍና እጅ ተሠራ።

ይህን ስታስቡ “ተቻችለው” የሚለው ቃል እንዴት እንደሚያንስ ይታያችኋል። እነዚህ ሰዎች አልተቻቻሉም፤ ተፈላለጉ። አንዱ ያለሌላው መጽሐፉን መጨረስ አይችልም ነበር። መቻልና መፈላለግ ደግሞ ለየቅል ናቸው።

ምሳ (ፆመኞችም ሙስሊሞችም አንብቡ)

ስፔኖች ምሳ የሚበሉት ከቀኑ 8 ሰዓት (14፡00) ገደማ ነው። በሥራ ቀን “ሜኑ ዴል ዲያ” የሚባለውን ጠይቁ፤ መጀመሪያ፣ ዋና ምግብና ማጣጣሚያ በአንድ ዋጋ ነው። የቶሌዶ ሰው የሚኮራበት “ካርካሙሳስ” የአሳማ ሥጋ ወጥ ነው፤ የማትበሉ ካላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት “ሴርዶ?” ብላችሁ ጠይቁ፣ አሳማ ማለት ነው። ብዙ የአትክልት ምግብ ውስጥም ቁራጭ ካም ጣል ያደርጋሉ፤ ለእነሱ እሱ ሥጋ ሳይሆን ቅመም ነው መሰለኝ። ማዛፓን የሚባለው የለውዝ ዝርያ ከሆነው አልሞንድና ከስኳር የሚሠራው ጣፋጭ ለስጦታ ይሆናል፤ ፆመኛ ከሆናችሁ ግን አንዳንዱ ላይ እንቁላል ይቀባልና ጠይቁ።

ከሰዓት፦ ስማቸው የተለወጠ ቤቶች

ከምሳ በኋላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አይሁድ ሰፈር ውረዱ። መንገድ ላይ ሳንቶ ቶሜ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የኤል ግሬኮ “የኦርጋስ ባላባት ቀብር” የተባለው ትልቅ ሥዕል እዚያ ነው። ኤል ግሬኮ ማለት “ግሪኩ” ማለት ነው፤ ከቀርጤስ ተነስቶ በ1577 ቶሌዶ ደረሰ፣ በ1614 እዚያው ሞተ። በስደት አገሩ ስሙ ቀርቶ የትውልድ አገሩ ስም ሆነለት። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።

ኤል ትራንሲቶ ጋ ግን አትቸኩሉ። በ1350ዎቹ ይህን ምኩራብ ያሠራው ሳሙኤል ሃ-ሌቪ የንጉሥ ፔድሮ 1ኛ ገንዘብ ያዥ ነበር። ግድግዳው ላይ በዕብራይስጥ የንጉሡም የሳሙኤልም ምስጋና ተጽፏል፤ በጌጡ መሀል ዓረብኛ ፊደል አለ። ለክርስቲያን ንጉሥ የሚሠራ አይሁዳዊ፣ በሙስሊም ጥበብ ያሠራው ቤት። የመፈክሩ ምርጥ ማስረጃ ነው። ቤቱ ከተሠራ ጥቂት ዓመት በኋላ ግን ያ የተመሰገነው ንጉሥ ሳሙኤልን አሰረው፤ ንብረቱን ወረሰ፤ ሳሙኤልም በእስር ላይ ተሠቃይቶ ሞተ። የተቻለው እስካስፈለገ ድረስ ነበር።

ጥቂት ደቂቃ አለፍ ብሎ ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ አለ። “ነጯ ቅድስት ማርያም።” ስሙን ሰምታችሁ ስትገቡ ነጫጭ ዓምዶችና የመስጊድ ቅስቶች ይቀበሏችኋል። ቤተ ክርስቲያን ነው? መስጊድ ነው? ምኩራብ ነበር። በ1391 በሴቪያ የጀመረው አይሁዶችን የመግደል ዘመቻ ቶሌዶም ደረሰ፤ በቀጣዩ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህ ምኩራብ ቤተ ክርስቲያን ተደረገ። ዛሬም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፤ የመግቢያውንም የምትከፍሉት ለእሷ ነው።

ብዙ አይሁዶች ከዚያ በኋላ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ተጠመቁ። ዳኑ? በ1449 ቶሌዶ ውስጥ ዐመፅ ተነሳ። መነሻው ገንዘብ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ሹም ከከተማዋ አንድ ሚሊዮን ማራቬዲ ጠየቀ፤ ቁጣው ግን የዞረው በተጠመቁት አይሁዶችና በልጆቻቸው ላይ ነው። ዐመፀኞቹ አንድ ሕግ አወጡ፤ የአይሁድ ዘር ያለበት ሰው ክርስቲያን ቢሆንም የከተማዋን ሹመት አይይዝም። በኋላ በስፔን ለተስፋፋው “የደም ንጽሕና” ሕግ የመጀመሪያዎቹ ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው። ጳጳሱ ኒኮላስ 5ኛ በዚያው ዓመት አወገዙት፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። እስከዚያ ቀን የሚጠየቀው “ምን ታምናለህ?” ነበር፤ ከዚያ ወዲህ “አያትህ ማን ነበር?” ሆነ። የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስህን ለውጠህ ታመልጠዋለህ። ሁለተኛውን በምን ታመልጠዋለህ? ይቺን ጥያቄ የት የት እንደሰማናት ለእናንተ ልተወው።

በመጋቢት 1492 ያልተጠመቁት አይሁዶች በአራት ወር ውስጥ አገር እንዲለቁ ታዘዘ። ስፔን ለዘሮቻቸው ዜግነት የሚሰጥ ልዩ ሕግ ያወጣችው በ2015 ነው፤ ከ523 ዓመት በኋላ። ማመልከቻውም በ2019 ተዘጋ።

የመጨረሻው ቦታ ሳን ሁዋን ዴ ሎስ ሬየስ ገዳም ነው፤ የማባረሩን ትእዛዝ የፈረሙት ኢዛቤላና ፈርዲናንድ ያሠሩት። የውጭ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሰንሰለቶች ታያላችሁ። ከግራናዳ ጦርነት የተፈቱ ክርስቲያን እስረኞች ሰንሰለት ነው። ያ ነፃነት እውነተኛ ነበር፤ የዚያች እናት ልጅ በእውነት ተፈትቶ ወደ ቤቱ ገብቷል። አሁን ፊታችሁን ወደመጣችሁበት አዙሩ፤ የተባረሩት ሰዎች ሰፈር ቅርብ ነው። የአንዱ መፈታትና የሌላው መባረር በአንድ ዘመን፣ በአንድ ፊርማ ሥር። ይህን ግድግዳ በመጀመሪያ ብታዩት የድል ሐውልት ነበር የሚሆንባችሁ። ቅደም ተከተል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

የማትገቡባቸው

የራስ ዕቅድ ማለት የመተው ድፍረት ነው። አልካሳር የተባለው ምሽግ ውስጥ ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ራሱን የቻለ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ተዉት። የሰይፍ ሱቆቹን በመስኮት እዩአቸው፤ ሰይፍ ይዞ አውሮፕላን ውስጥ የሚገባ የለም። ለመግቢያ ደግሞ “ፑልሴራ ቱሪስቲካ” የምትባል የእጅ ማሰሪያ አለች፤ በአንድ ክፍያ ክሪስቶ ዴ ላ ሉስን፣ ሳንቶ ቶሜን፣ ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካንና ሳን ሁዋን ዴ ሎስ ሬየስን ጨምሮ ሰባት ቦታ ታስገባለች። ካቴድራሉና ኤል ትራንሲቶ ግን የየራሳቸው ቲኬት አላቸው።

“ግን እኮ አስጎብኚዋ ታውቃለች”

ልክ ነው። ብዙዎቹ ከእኔም ከእናንተም በላይ ያውቃሉ። እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ፣ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ፣ አውቶቡሱን ያዙ፤ ማንም አይፈርድባችሁም። እዚያው ቶሌዶ የምትኖር አስጎብኚ ለሁለት ሰዓት ቀጥሮ ጥያቄ በጥያቄ ማድረግም ግሩም ነገር ነው። ቅሬታዬ በሰዎቹ አይደለም፤ ሃምሳ ሰው በሦስት ሰዓት አስጨርሺ በሚለው አሠራር ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚገባው መፈክር ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። አሜሪኮ ካስትሮ በ1948 ባሳተመው መጽሐፉ ስፔንን ስፔን ያደረጋት የሦስቱ ሕዝቦች አብሮ መኖር ነው አለ፤ ክላውዲዮ ሳንቼስ አልቦርኖስ በ1956 ሌላ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ ተቃወመው። ሁለቱም ከፍራንኮ ስፔን ውጭ፣ አንዱ አሜሪካ አንዱ አርጀንቲና በስደት የሚኖሩ ነበሩ። ስለ አብሮ መኖር የተከራከሩት አገራቸው አብራ መኖር ያቃታት ሁለት ስደተኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልክ የተከራከሩበትን ነገር ማይክሮፎን የያዘ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲዘጋው ለምን ዝም ብለን እንሰማለን?

ከሳን ሁዋን ዴ ሎስ ሬየስ ቁልቁል ስትወርዱ የሳን ማርቲን ድልድይ አለ። መሀሉ ላይ ቁሙና ወንዙን እዩ። የማድሪድ አውቶቡሶች በዚህ ሰዓት አብዛኞቹ ተመልሰዋል፤ ከተማዋ ለነዋሪዎቿ ትመለሳለች፤ ልጆች ኳስ ይዘው ይወጣሉ፣ ሽማግሌዎች ወንበር ይይዛሉ። የአውቶቡስ መናኸሪያው ከዚህ ሩቅ ስለሆነ ለመመለሻው ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀሩ፣ ወይም የከተማ አውቶቡስ ጠይቁ። እስከዚያው ግን ጊዜው የእናንተ ነው።

“ሦስቱ ባህሎች ተቻችለው ኖሩ” የሚለውን ሰምቶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ፎቶውን ነው። አብረው እንደሠሩ፣ ቃል እንደተሻረ፣ ከዚያም “አያትህ ማን ነበር” ተብሎ እንዳለቀ አይቶ የተመለሰ ሰው ግን አገሩ ገብቶ ያንን ቃል በቴሌቪዥን ሲሰማ ዝም ብሎ አያሳልፈውም። “እንዴት? ማን? እስከ መቼ?” ይላል። ለአንድ ቀን ጉዞ ይህ ትንሽ ትርፍ አይደለም።

መልካም መንገድ። ሰኞ እንዳይሆን ብቻ።